ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ደሴት ብትሄድ ነውሩ ምንድን ነው?

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በአንድ የመልስ ግብዣ ላይ ከሽማግሎች ጋር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከባልዋ ጋር ሆና እጅ ልትነሣኝ መጣች። አምስተኛ ወርዋን አልፋ ስድስተኛውን ይዛ ነበር። ደኅንነትዋን ጠይቄ «እንግዲህ እናት ልትሆኚ ነው» ብላት ፊትዋ በራና «አዎን ጋሼ፤ ልጁ ከመምጣቱ በፊት ግን ሁለታችን ብቻችንን ለአምስት ቀን ዛንዚባር ደርሰን ልንመለስ አስበናል፤ ከባሕሩ ዳር ተቀምጠን ትንሽ ልናርፍ» አለችኝ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ብርሌያቸውን አስቀመጡና «ምን? ነፍሰ ጡር ሴት በአውሮፕላን ተጭና ባሕር ተሻግራ ልትተኛ? እናቶቻችን እኮ እንጨት ለቅመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ወልደው፣ ልጁን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንጨቱንም ሳይጥሉ ነው ቤታቸው የገቡት!» አሉ። ማዕዱ በሙሉ ሳቀ። ልጅቱ አንገትዋን ደፋች፤ ባልዋም የሚለው ጠፍቶት ዝም አለ።

እኔም ሳቅሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚያ ሳቅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው ተማሪው በፊቱ ስታፍር አብሮ ከሳቀ በኋላ ማታ በአልጋው ላይ እንቅልፍ ቢያጣ የሚገባው ነውና፣ በዚያ ቀን ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ነገር እነሆ ዘግይቼ እናገራለሁ። ንግግሬ ግን ለሽማግሎቹ ብቻ አይደለም፤ ለወጣቶቹም የምለው አለኝና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አስቀድሜ የእንጨቱን ተረት ልመልከት። መንገድ ላይ ወልዳ ሸክምዋን ሳትጥል ቤትዋ ገባች የምትባል ሴት በየአገሩና በየመንደሩ ትገኛለች፤ መንገድ ላይ የቀረችውን ሴት ግን ማንም አይተርክላትም፤ የሚተርክላት ልጅ አልተወችምና ነው። ተረቱን የምንሰማው ከዳኑት ብቻ ነው። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። የወረደው የሴቶቻችን ወገብ ከቀድሞው ይልቅ ስለ ጠነከረ ነውን? አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየመንደሩ ስለ ወጡ፣ በሐኪም ቤት የሚወልዱት ስለ በዙ፣ መንገዱም ጥቂት ስለ ቀና ነው። የባሕር ዳር ዕረፍት ደም መፍሰስን ያቆማል አላልሁም፤ እንዲህ ያለ ቂልነት ከእኔ አይጠበቅም። እኔ የምለው፣ የእናቶቻችንን መከራ እንደ ጀግንነት እየቆጠርን በልጆቻችን ላይ መሳለቂያ ልናደርገው አይገባንም ነው። እናቶቻችን ያን ሁሉ የተሸከሙት የሚያግዛቸው ስላልነበረ እንጂ ወደው አልነበረም። ከመካከላቸው አንዲቱን ጠርተን «አምስት ቀን አርፈሽ፣ ሌላ ሰው አብስሎ አቅርቦልሽ፣ ባልሽም አጠገብሽ ተቀምጦ ቢያጫውትሽ ትወጂ ነበርን?» ብለን ብንጠይቃት ምን የምትለን ይመስላችኋል?

ደግሞስ ይህ ነገር ከውጭ የመጣ እንግዳ ልማድ ነው የሚለው እውነት ነውን? በብዙ የአገራችን ክፍል አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጅዋን ስታረግዝ መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ እናትዋ ቤት ትሄድ እንደ ነበር ያልሰማ የለም። በቅሎ ተጭኖላት፣ ቅቤና እህል ተይዞላት፣ ከባልዋ ቤት ወፍጮና ከእንስራ ተለይታ በእናትዋ ጓዳ ትቀመጥ ነበር። እዚያ አማት አያዛትም፣ እንግዳ አያስነሣትም፤ የሚያምራትን ጠይቃ ትበላለች፤ ሲያሰኛት ትተኛለች። ይህስ በመሬት ላይ ያለ ደሴት አይደለምን? አባቶቻችን ነፍሰ ጡር ሴት ከዕለት ሥራዋ ካልራቀች እንደማታርፍ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ስሙን ዕረፍት አላሉትም እንጂ ነገሩን ያደርጉት ነበር። ያኔ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ባል ነው። ባል ሚስቱን ሸኝቶ ይመለስና ልጁ ተወልዶ እልል ሲባል ይሰማል። ዛሬ ግን ከተሜዋ ሴት እናትዋ ሩቅ አገር ናት፤ ወይም እናትዋም እንደ እርስዋ በጠዋት ወደ ቢሮ የምትሮጥ ናት። ስለዚህ ባልየው «እኔ ይዤሽ ልሂድ» ቢል አዲስ የሆነው ባል አብሮ መሄዱ ብቻ ነው፤ በዚህ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም።

ሕጋችንም ቢሆን ከሽማግሎቻችን ይልቅ ርኅሩኅ ሆኖ ተገኝቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለድዋ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝዋ ይሰጣታል። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የነበረውም ይኸው 120 ቀን ነበር። ሠላሳው ቀን ምን ማለት ነው? አገሪቱ በሕግ «ይህች ሴት ከመውለድዋ በፊት ማረፍ አለባት» ብላ ፈረመች ማለት ነው። ለአባት የተፈቀደው ግን በመጀመሪያው አዋጅ 3 ቀን ነው፤ በሁለተኛው 10 የሥራ ቀን ነበር። ሦስት ቀን! ለቅሶ ለመድረስ እንኳ የማትበቃ ናት። ለልጁ መወለድ ሦስት ቀን ብቻ የተሰጠው ሰው ከሚስቱ ጋር በጸጥታ የሚቀመጥበትን ጊዜ ከወሊድ በፊት ካልፈለገ ከየት ሊያመጣው ነው?

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የውጭ አገር መምህር ነበሩ። ሚስታቸው አርግዘው ሰውነታቸው በከበደ ጊዜ መምህሩ በየማታው አንድ የሸራ ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሚስታቸውን በክንዳቸው ደግፈው፣ ከግቢው በታች ወዳለው ወንዝ ይወርዱ ነበር። ወንበሩን ከዛፍ ሥር ዘርግተው ያስቀምጡአቸውና ራሳቸው በሣሩ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሌላ የሚያደርጉት ነገር አልነበረም። እኛ ተማሪዎቹ ከአጥሩ ኋላ ተደብቀን ወንበር ተሸካሚውን መምህር እያየን እንስቅ ነበር። ወጥ ቤቱም አብሮን ይስቅ ነበር። እንግዲህ የእኔ ሳቅ የጀመረው በዚያ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. አግብቼ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ አስተምር ነበር። በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቂቱ ቱሉ ጉዶ ናት። በላይዋ የጽዮን ገዳም አለባት፤ በደሴቶቹ የሚኖሩት ዛይ የሚባሉት ሕዝቦች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ገበያ ሲሆን ወደ ከተማው ይሻገራሉ። ማታ ማታ ከሐይቁ ዳር ሆነን ስናይ ደሴቲቱ በሩቅ ሰማያዊ መስላ ትታየን ነበር። በ1979 ዓ.ም. ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለች አንድ ቅዳሜ «ልጁ ሳይመጣ አንድ ቀን እዚያ ወስደህ አሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ መውጫ አናገኝም» አለችኝ።

እኔም የመለስሁላትን ቃል ዛሬም አልረሳውም። «እኛ ሕፃናት ነን እንዴ? ገንዘቡ ለገንፎ ቅቤና ለልጁ ብርድ ልብስ ነው» አልኋት። ትክክለኛና ቁም ነገር የሞላበት መልስ የሰጠሁ መሰለኝ። በዚያው ወር ግን ለራሴ አዲስ ጫማ ገዛሁ። የጫማው ዋጋ የሁለት ሰው የጀልባ ዋጋ ሆኖ ይተርፍ ነበር። ባለቤቴ ጫማውን አይታ «ያምራል» አለች እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ልጁ ተወለደ። ከእርሱ በኋላ አራት ተጨመሩ። ወደ ሌላ ከተማም ተዛወርን። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ እኔና ባለቤቴ አንዲት ሙሉ ቀን ሕፃን ሳያለቅስ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ የተማሪ ደብተር ሳይታረም፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን የተነጋገርነው ሃያ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀንም የምንነጋገረው ጠፍቶን ስለ ጎረቤት ዶሮ አወራን። አንድ ጊዜ «አሁን እንሂድ» ብያት ነበር፤ «አሁንማ ጉልበቴ ጀልባ ላይ አይወጣም» አለችኝ። ያለ ቁጣ ነው ያለችው።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች «መምህራችን ከእኛ ወገን ሆነ» ብላችሁ ደስ ሳይላችሁ ፊታችሁን ወደ እኔ መልሱ። የናንተም አካሄድ ጉድለት የለበትም አይደለም።

ከግብዣው በኋላ በሳምንቱ ተማሪዬንና ባልዋን ቤቴ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቡናም ተፈላና አሳባቸውን በዝርዝር እንዲነግሩኝ ለመንሁ። ጉዞው የታሰበው ከወሊድ በፊት ያለው የሠላሳ ቀን ፈቃድዋ ሲጀምር፣ ማለት በሚያዝያ ነበር። ሆቴሉ ዋጋ ቀንሶላቸዋል። ከገንዘቡም እኩሌታው ከመሥሪያ ቤታቸው የቁጠባ ማኅበር በብድር የሚወጣ ነው። የሚለብሱት ልብስ ተመርጧል፤ ከባሕሩ ዳር እጅዋን በሆድዋ ላይ አድርጋ የምትነሣው ፎቶግራፍም እንዴት እንደሚሆን ተወስኗል። ሐኪምዋን ግን ገና አልጠየቁም።

ልብ አድርጉ! ልብሱ ታስቦበታል፤ ፎቶግራፉ ታስቦበታል፤ ሐኪሙ ግን አልታሰበም። ይህ የእነርሱ ብቻ ጥፋት ቢሆን በአደባባይ ባልጻፍሁት ነበር። ዛሬ «ቤቢሙን» የሚባለው ቃል በየስልካችሁ ላይ ይታያል፤ የጉዞ ነጋዴዎች ይህን ቃል እየጠሩ አልጋና አውሮፕላን ይሸጡላችኋል። ቃሉን ግን ሼላ ኪትዚንገር የምትባለው እንግሊዛዊት የወሊድ ጸሐፊ የተጠቀመችበት ወላጆች ከወሊድ በኋላ ከሕፃኑ ጋር ብቻቸውን ለሚሆኑበት የጸጥታ ጊዜ ነበር። እኛ አራስ ቤት የምንለውን የመሰለ ነገር ማለት ነው። ለአራስ ቤት ትኬት አይሸጥምና ነጋዴው ቃሉን ወስዶ ከወሊድ በፊት ወዳለው ጊዜ አመጣው። በነጋዴው አልፈርድበትም፤ ሥራው ነው። የምፈርደው አስቦ መግዛት ሲገባው ስሙን ብቻ ሰምቶ በሚገዛው ነው።

የወሩን ነገር እንመልከት። ለነፍሰ ጡር ጉዞ የሚስማማው ጊዜ ከአሥራ አራተኛው እስከ ሃያ ስምንተኛው ሳምንት ያለው ነው፤ የመጀመሪያው ማቅለሽለሽና የማስወረድ ሥጋት ቀንሶ፣ የመጨረሻው ክብደትም ገና ያልመጣበት ጊዜ ነውና። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ከሃያ ስምንተኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንድ ልጅ ያረገዘችውን ከሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት በኋላ አይጭኑም፤ መንታ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው በሩን ይዘጋሉ። አሁን ሕጉ የሰጠውን የሠላሳ ቀን ፈቃድ አስቡት፤ የሚጀምረው መቼ ነው? በሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው! እንግዲህ የፈቃዱ በር ሲከፈት የአውሮፕላኑ በር ይዘጋል። የወሊድ ፈቃድ ለአልጋና ለቤት እንጂ ለባሕር ማዶ አልተሰጠም፤ መሄድ የፈለገ ከዓመት ፈቃዱ ቆርሶ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር ይሂድ።

ሆቴሉስ ዋጋውን የቀነሰው ለምንድን ነው? በዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ትልቁ የዝናብ ወራት ስለሆነ ነው። ልጆቼ አምስት ቀን ሙሉ ከመስኮት ዝናብ ሊያዩ ከፍለው ነበር። «ርካሽ ሆነልን» ብለው ደስ አላቸው እንጂ «ለምን ረከሰ?» ብለው አልጠየቁም። በገበያ በርበሬ ሲረክስ ምን ተቀላቅሎበት ይሆን ብሎ የሚጠረጥር ሰው በሆቴል ጊዜ ለምን እንደሚሞኝ አይገባኝም።

ከዚህ የሚከብደው የክትባቱ ነገር ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተቆጥራለችና ከእኛ አገር ተነሥቶ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ የክትባት ካርድ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ወደ ሲሸልስና ወደ ማልዲቭ ደሴቶች የሚሄደውም እንዲሁ ነው። ክትባቱ ግን ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠራ ስለሆነ ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ሴት በቀላሉ አይሰጡትም፤ ጥቅሙንና ሥጋቱን መዝነው ነው የሚወስኑት። አስቀድማ የተከተበች ሴት ችግር የለባትም፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወስኗል። ተማሪዬ ግን ተከትባ አታውቅም ነበር። ሐኪም በቂ ምክንያት ሲኖር የነፃ ማድረጊያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ነገር ግን ይህ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ተቆሞ የሚታሰብ ነገር ነውን? ትኬቱን ሊከፍሉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ይህን ከእኔ ሰሙ። እኔም ያወቅሁት ነርስ ከሆነችው ሴት ልጄ ነው።

ስለ ወባ ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የከተማዋ ልጅ ወባን አታውቀውም፤ ሰውነትዋም አልለመደውም። እርግዝና ደግሞ ወባን ያከፋዋል፤ እናቱንም ፅንሱንም ይጎዳል። በዛንዚባር ወባ እጅግ ቀንሷል፤ አልጠፋም ግን። እኛም አገር ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ሐይቅ ዳር ሁሉ፣ ዝዋይም ጣናም፣ ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም። ስለዚህ አጎበርና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ከፎቶግራፉ ልብስ ቀድሞ በሻንጣው ይግባ። በዝዋይና በጣና ውኃ ውስጥ እግርን መንከር የቢልሃርዚያ ትል ስላለበት አይገባም፤ ከጀልባው ሆኖ ማየት ይበቃል። በአውሮፕላን ላይ ደም በእግር እንዳይረጋ በየጊዜው ተነሥታ ትራመድ፤ ውኃ ትጠጣ፤ ቀበቶውንም ከሆድዋ በታች ታድርገው። ባሕር ውስጥ ጠልቆ በአየር ቧንቧ መዋኘት ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ነው።

ሐኪም ቤቱ የት እንዳለ ማወቅ ደግሞ የባልየው ተግባር ነው። በዛንዚባር በሰሜን ጫፍ ያለውን የኑንግዊን ነጭ አሸዋ ብዙዎች ይመርጡታል፤ ትልቁ የመንግሥት ሐኪም ቤት ምናዚ ሞጃ ግን በስቶን ታውን ነው፤ በመካከላቸው በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ መንገድ አለ። ደም ቢታያት፣ ውኃ ቢፈስሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ይዟት ዓይንዋ ቢፈዝ ያ አንድ ሰዓት ረጅም ነው። ደሴቲቱ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር እንግዳ የጉዞ መድን እንዲገባ ግዴታ አድርጋለች፤ እናንተ ግን መድኑ ያለ ጊዜው የመጣን ወሊድ ይሸፍን እንደሆነ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ለማንበብ አይደለምን ያስተማርናችሁ?

ብድሩን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል አልጋ በእጥፍ ተወደደ ማለት ነው፤ ደመወዛችሁ ግን እጥፍ አልሆነም። ልጅ ሊወለድ ሲል ለአምስት ቀን ተበድሮ ለሁለት ዓመት መክፈል ሚስትን ማሳረፍ አይደለም፤ የአምስት ቀን ዕረፍት ሰጥቶ የሁለት ዓመት ሥጋት ማሸከም ነው። ዕዳ ያለበት ባል ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ በምን ዓይነት ፊት እንደሚነሣ አውቀዋለሁ።

ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ይመለሳል፤ የሚያርፈው ማን ነው? ልጆቹን ስጠይቃቸው የጉዞው አሳብ ከማን እንደ መጣ አላወቁትም። ጓደኞቻቸው ሄደው ነበር፤ ፎቶግራፋቸውንም አይተዋል። «አንቺስ ምን ያምርሻል?» ብዬ ተማሪዬን ብጠይቃት ትንሽ ዝም ብላ «እኔማ ጋሼ መተኛት ነው የማምረኝ፤ ደግሞ እርሱ ስልኩን ሳይነካ እንዲያናግረኝ» አለች። ባልዋ ይህን ከአፍዋ የሰማው በዚያች ሰዓት ነበር፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እነሆ የጉዞ ዕቅድ የሚጀመረው ከዚህ ነው። ሴቲቱ ምን እንዳማራት ተጠይቆ፣ ከሰውነትዋ ጋር ተመክሮ፣ ከዚያ ቦታው ይፈለጋል። እኛ ሽማግሎቹ ነፍሰ ጡርዋን የጥንካሬ ምሳሌ አደረግናት፤ እናንተ የፎቶግራፍ ማሳመሪያ አደረጋችኋት፤ ሁላችንም ግን ምን ትወጃለሽ ብለን አልጠየቅናትም።

ደሴት ያስፈልጋልን? አያስፈልግም፤ ቢገኝ ግን መልካም ነው። ደሴት ያለው ብልጫ ጎረቤት በሩን አያንኳኳም፣ አማት ድንገት አይመጡም፣ ቢሮም በቀላሉ አይጠራም። በጣና ላይ ሠላሳ ሰባት ደሴቶች አሉ ይባላል፤ በአንዳንዶቹ ገዳማት፣ እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት፣ ሴት ስለማይገባ ሚስቱን በጀልባ ላይ ትቶ የሚወጣ ባል እንዳትሆኑ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በዚያ ክልል የተነሣው ጦርነትም የመንገዱን ነገር አሳሳቢ አድርጎታልና ማንም ነፍሰ ጡር ይዞ በግምት አይነሣ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ስልኩን ዘግቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ራሱ ሽሮውን ሠርቶ ሁለት ቀን በቤቱ ደሴት ይሥራ። ከሽሮው ይልቅ ስልኩ እንደሚከብደው ግን አውቃለሁ።

በዚያም ሲደርሱ ምን ያድርጉ? ይነጋገሩ። ሌሊት ማን እንደሚነሣ፣ ለማረስ የማን እናት እንደምትመጣ፣ ሥራዋን መቼ እንደምትመለስ፣ ምጡን ምን ያህል እንደምትፈራው። እኔ ባለቤቴ ምጥን ትፈራ እንደ ነበር የሰማሁት አምስተኛው ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው፤ ለጎረቤት ስታወራ ከጓዳ ሆኜ።

ልጆቹ ዛንዚባርን ተዉት፤ ብድሩንም መለሱ። ሐኪምዋን ጠይቀው፣ የመንገዱንም ደኅንነት አጣርተው፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ በሃያ አምስተኛው ሳምንትዋ፣ ወደ ባቱ ወርደው ሦስት ሌሊት በአጎበር ውስጥ አደሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሐይቁን ስለሚያናውጠው በማለዳ ተነሥተው፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው፣ በሞተር ጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻገሩ። ወደዚያ እንዲሄዱ የነገርኋቸው እኔ አልነበርሁም፤ ቡናውን ስትቀዳ የነበረችው ባለቤቴ ናት።

በግንቦት ሴት ልጅ ተወለደች። አራሷን ልንጠይቅ ሄድን፤ ገንፎ ቀረበልን። ባለቤቴ ሕፃንዋን ታቅፋ ተቀመጠችና፣ ሌሎቹ ሴቶች ስለ ምጡ ሲጠይቁ እርስዋ ወደ አራሷ ጎንበስ ብላ «ከተራራው ላይ ስትወጡ ከተማው ይታያል?» አለቻት።

«ይታያል እትዬ። እኔ ከታች ጥላ ሥር ቀረሁ እንጂ እርሱ ወጥቶ አይቶታል። ቆርቆሮው ሁሉ ያብረቀርቃል አለኝ።»

«ትምህርት ቤቱስ?» አለች ባለቤቴ። «ከሐይቁ ዳር ነበር፤ ትላልቅ ዛፎች ያሉበት።»